የብርነሽ ባትሪ ቀለበት

ጠና የእጅ ባትሪውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁን በክር አስሮ፣ እንደ ልማዱ ሆሳዕና መናኸሪያ አጥር ሥር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዳኘ የሚነዳው የሾኔ ሚኒባስ ጭቃ እየረጨ ገባ። ተሳፋሪው ወረደ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቃሪያ ጆንያ ማውረድ ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዳኘ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት ያወጣና፣ «ይቺ ባትሪ እኮ ከኔ በላይ ተመላለሰች፤ መንጃ ፈቃድ ይውጣላት» እያለ ይቀልድ ነበር። ያን ቀን ከመሪው ጀርባ አልተነሣም።

ጠና ጠጋ ብሎ ጥቅልሉን በመስኮቱ ዘረጋለት።

«በአውራ ጣቷ ብቻ ትሞክረው በላት። ዛሬስ እሺ ያለ ይመስለኛል።»

ዳኘ እጁን አልዘረጋም። ጥቅልሉን አየው፤ ከዚያ መሪውን አየ።

«ሳጥንህን ለረሻድ አደራ በለውና ና ግባ» አለ።

«ወዴት?»

«ግባ ብቻ፣ ወንድሜ።»

መርዶ በወጉ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ዳኘም ይህን አላጣውም፤ ከሾኔ ሲነሣ አንዲት ቃል ላይተነፍስ ለራሱ ምሎ ነበር። ግን ሰው ሁልጊዜ የሚቀበለውን ዕቃ አልቀበል ካለ ሌላ ምን የሚነገር ቀረ? ጠና የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ጥቅልሉን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ብርነሽ ናት?» አለ።

ዳኘ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ፣ «ይሄ ጆንያ የማን ነው? ባለቤት የለውም?» እያለ ይጣራል።

ብርነሽ የጠና ሚስት ነበረች፤ ሾኔ ላይ አዋላጅ ነርስ ሆና ትሠራ ነበር። የገደላት ወባ ነው። ትኩሳቱ ሲጀምራት ተረኛ ስለነበረች «ድካም ነው» ብላ ሥራዋን ቀጠለች፤ ስትወድቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ስለ አሟሟቷ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ጠና የሞርሲቶ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ አስተማሪ ሆኖ ሊያዩት ይመኙ ነበር፤ እሱ ግን ልቡ ዕቃ መፍታት ላይ ነበር። የአጎቱን ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም አቅቶት ለሳምንት ከቤት ጠፍቶ ያውቃል። ዐሥረኛ ክፍልን ተፈትኖ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር ሆሳዕና ገባ፤ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ሥር ተቀምጦ ሙያውን ለመደ። ሽማግሌው ሲሞቱ መበየጃቸውን ወረሰ። አንዲት ባለ መስታወት ሳጥን አሠርቶ በረሻድ ሱቅ በረንዳ ላይ አቆማት፤ እዚያው ቀረ። ረሻድ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ የያዘ፣ አፉ ቀልድ የማያጣ ሰው ነው። ከክብሪት እስከ ቴርሞስ ይሸጣል። ጠና ደግሞ ከእሱ የተገዛው ሲበላሽ ይጠግናል። «እኔ እሸጣለሁ፣ እሱ ይቀብራል» ይል ነበር ረሻድ።

ብርነሽን ያገባት ነርስነት ተምራ በወጣች በዓመቱ፣ ሞርሲቶ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሥራ ስትመደብ ሾኔ ደረሳት። «ለጊዜው ነው» ተባለች። ያ ጊዜ ግን አላልቅ አለ። ዝውውር ስትጠይቅ ተተኪ ሲገኝ ይሏታል። ሌላ ዓመት ስትጠይቅ ኮታው ሞልቷል። ኮታ ተገኘ ሲባል ደግሞ ኃላፊው የልማት ሠራዊት ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ኃላፊው ተቀይረዋል። በሁለት ከተማ ተከፍሎ ልጅ ማሳደግ አይሆንም ብለው፣ መውለዱንም ዝውውሩ እስኪመጣ አቆዩት። እሷ ፈቃድ ሲኖራት ቅዳሜ ትመጣለች፣ እሑድ ትመለሳለች። ትዳራቸው ይኸው ነበር።

ባትሪውን ለብርነሽ የሰጧት ወደ አገራቸው የሚመለሱ አንዲት ፈረንጅ መነኩሲት ናቸው። ሁለመናው ብረት ነው፤ ከጭብጥ ትንሽ ይረዝማል፤ ሲይዙት ደልደል ይላል። እንደ ሌላው ባትሪ ተጭነው የሚያበሩት ነገር የለውም። አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱን ትንሽ ሲያዞሩት ለስለስ ያለ ብርሃን ይወጣል፤ ጨመር ሲያደርጉት እየደመቀ ይሄዳል። ከቀለበቱ ሥር፣ ውሃ እንዳይገባ፣ እንደ ክር የቀጠነ ላስቲክ ዙሪያውን ተኝቷል።

ሾኔ መብራት ይሄዳል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የማዋለጃ ክፍሉ በቀንም ይጨልማል። ብርነሽ ባትሪውን በአገጭዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ትይዘውና ሁለት እጇን ለሥራ ትለቃለች። የእናቲቱን ፊት ስታይ ብርሃኑን ዝቅ ታደርገዋለች፤ ስትሰፋ ከፍ ታደርገዋለች። ለዚህ ሁሉ ያላት ትርፍ ነገር የግራ እጇ አውራ ጣት ብቻ ነው። ቀለበቱ ልስልስ ብሎ ከዞረ ሥራው ይቀናል። ከጠጠረ ግን ጣቷ ሲገፋው ባትሪው ከአገጭዋ ሥር ያመልጣል፤ ክፍሉ በጨለማ ይዋጣል።

መጠጠር ሲጀምር አንድ ቅዳሜ ለጠና ይዛው መጣች።

«ባለሙያው፣ ይቺን ነገር አለስልስልኝ።»

«በአንድ ጣት እንዲዞር አደርግልሻለሁ።»

«በየትኛው ጣት?»

«አንቺ በፈለግሽው።»

ይህን ቃል ጠና ቀልዶ አልሰጣትም። ዝውውሯን ሊያመጣላት አይችልም። የሾኔን መብራት ሊያበራ አይችልም። ስታዋልድ አጠገቧ ቆሞ ባትሪ ሊይዝላት አይችልም። የብረት ቀለበት ማለስለስ ግን ሥራው ነው። ከዚያ ሁሉ ርቀት ለሚስቱ የሚደርስላት ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ልቡን ሁሉ እዚያ ላይ ጣለው።

መጀመሪያ ከጎረቤቱ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ለመነ። በስንጥር ጫፍ አንድ ጠብታ አስነካው፤ ቀለበቱ እንደ ውሃ ዞረ። ብርነሽ በረንዳው ላይ፣ መንገደኛ እያያት፣ ባትሪውን አገጭዋ ሥር ሸጉጣ፣ ዐይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ሞከረችው። ረሻድ ከመደርደሪያው ጀርባ አያት።

«ሲስተር፣ ሱቄ በር ላይ ማንን ልታዋልጂ ነው?»

«አንተን ነዋ። ሆድህ ደርሷል።»

ረሻድ ሆዱን እያሻሸ፣ «ወንድ ነው ሴት?» አለ።

«ስኳር ነው። አቁም፣ ጣፋጭ አታብዛ።»

ጠና ያን ቀን ከልቡ ሳቀ። በኋላ ላይ ሰው ስለ ብርነሽ ሲጠይቀው የምትመጣበት በዚያ መልኳ ነው፤ አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ጣቷ ቀለበቱ ላይ።

ባትሪው ብዙም ሳይቆይ በዳኘ እጅ ተመልሶ መጣ። ዘይቱ ስስ ስለሆነ ወደ ውስጥ ሰርጎ መስታወቱን አደብዝዞታል፤ ቀለበቱም ድርቅ ብሏል። ጠና ጠርጎ፣ ስስ ነገር አይሆንም ብሎ፣ ከጋራዥ ግሪስ አመጣ።

«ይሄ የጭነት መኪና ግሪስ ነው» አለው ረሻድ። «ሚስትህ የሰጠችህ ባትሪ ነው፤ ጎማ መሰለህ እንዴ?»

ግሪሱም አልሆነም። ሆሳዕና ብርዱ ላይ ለጠና ለራሱም በሁለት እጁ ካልሆነ አልዞር አለ። ያኔ አንድ ነገር ገባው፤ ገባኝ ብሎ አመነ። ሆሳዕና ይበርዳል፣ ሾኔ ይሞቃል። እዚህ ልክ የሆነው እዚያ ይቀልጣል፤ እዚያ ልክ የሆነው እዚህ ይረጋል። እሱ የሚሞክረው በሆሳዕና አየር ነው፤ እሷ የምትሠራበት በሾኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ቅባት በቀየረ ቁጥር ባትሪውን ብብቱ ሥር ይይዘውና ሞቅ እስኪል ይቆያል፤ ከዚያ አውጥቶ ያዞረዋል።

«ትኩሳት ነው የምትለካለት?» አለው ረሻድ።

«የሾኔን ሙቀት እየሰጠሁት ነው።»

«እሱን ከምትሰጠው ራስህ ሄደህ ብትሞቅ አይሻልም?»

ጠና ባትሪውን ብብቱ ሥር መልሶ ሸጎጠው። ሾኔ ሄዶ ሳጥን ማቆም አስቦ ያውቃል። ግን ዝውውሩ ዛሬ ነገ ይመጣል እየተባለ እንዴት ይነሣል? እሱ ሾኔ በገባ ማግሥት እሷ ሆሳዕና ብትመለስስ?

ቀጥሎ ቫዝሊን ተራው ደረሰ። «ለሴት ጉንጭ የሚሆን ለብረት ምን ያንሰዋል?» ብሎ ከመደርደሪያው ያወረደለት ረሻድ ነው። ቫዝሊኑ ከሁሉም ተሻለ። በብርዱም በብብቱም ሙቀት ቀለበቱ እኩል ዞረ። ብርነሽ ደውላ፣ «አሁን ሰው ሆነ» አለችው። ጠና ያን ሰሞን ሲሄድ መሬቱ ቀለለው።

ግን ቆይቶ ያም ተመለሰ። ሲፈታው ቀለበቱ ሥር ቢጫ፣ የረጋ፣ አቧራ የጠገበ ነገር አገኘ፤ ላስቲኩ ደግሞ አብጧል። ጠና የቀባው ቫዝሊን ነጭ ነበር። ቢጫው ከየት መጣ ብሎ አሰበ፤ ቫዝሊን ሲያረጅ ይሆናል አለ። ቅቤ ቅቤ ሸቶታል። ግን በዚያ አገር ቅቤ የማይሸት ምን አለ? የሚጠግነው ሬዲዮ ሁሉ ቅቤ ይሸታል። የደንበኛው እጅ ይሸታል፤ የሚኒባሱ ወንበር ይሸታል፤ የመስቀል ሰሞንማ አየሩ ራሱ ነው። የራሱ እጅም ምሳ ከበላበት ሰዓት ጀምሮ ሲሸት ይውላል። ሌላ አገር ያደገ ጠጋኝ ቢሆን ገና ሲከፍተው አፍንጫው ይነግረው ነበር። ጠና ግን በጥጥ ጠረገውና ጥጡን ጣለው።

ያን ቀን ደወለላት።

«አንቺ፣ ምን ስትነኪበት ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«የሰው ደም» አለች ብርነሽ።

ወዲያው ሳቅ ብላ፣ «አይዞህ፣ እትዬ አስካለች አጥበው ነው የሚያስቀምጡልኝ» አለችው። እትዬ አስካለች የማዋለጃ ክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ቀለበቱ በጠጠረ ቀን ብርነሽ የምትጣራው እሳቸውን ነበር፤ ሮጠው ይመጡና በሁለት እጃቸው ያዞሩላታል።

ጠና፣ እንግዲያው ቅባቴን የሚያጠፋብኝ ሳሙና ነው፣ በረኪናም ሊሆን ይችላል፣ አለ። ስለዚህ ቫዝሊኑን ጨመረው። ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ጨመረው። ላስቲኩ እያበጠ ሄደ።

ረሻድ ራሱ አዘነለት። «መርካቶ የፎቶ ኮፒ መኪና የሚጠግኑ ልጆች ነጭ ቅባት አላቸው» አለው። «ሲሊኮን ይሉታል። ብርድም ሙቀትም አይለውጠውም፤ ላስቲክም አይነካም አሉ።»

«አምጣልኛ።»

«ስወርድ አመጣልሃለሁ።»

ረሻድ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ወርዶ ሳሙናና ቴርሞስ ጭኖ ተመለሰ፤ ቅባቱን ረስቶታል። በሌላ ጊዜም ወርዶ ረሳው። ክፋት የለበትም፤ የዕቃ ጭነት ራስ ላይ ያለን ነገር ሁሉ ያስረሳል። ጠናም አልተቀየመውም። ላስቲኩን አውጥቶ ለቀናት ፀሐይ ላይ አሰጣው። ትንሽ ሲቀንስለት መልሶ ገጠመው። ቫዝሊኑን በጣም አሳስቶ ቀባው። ብብቱ ሥር አሙቆ በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ዞረለት። ጨርቅ ፈልጎ ጠቀለለው። መናኸሪያ አጥር ሥር ቆሞ ዳኘን ሲጠብቅ የያዘው ያ ነው።

ብርነሽ ሞርሲቶ ተቀበረች። ረሻድ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ዋለ፤ አንድም ቀልድ ከአፉ አልወጣም። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ጠና ድንኳኑ ውስጥ ሰው በሰጠው ቦታ ተቀመጠ። ሰው ሲመጣ ይነሣል፤ ሰው ሲቀመጥ ይቀመጣል። ኮቱን አላወለቀም፤ ባትሪውም ከኪሱ አልወጣም። ሲቀመጥ ጎኑን ይጫነዋል፤ አላነሣውም።

በነጋታው የሾኔ ሰዎች መጡ። አልቅሰው ሲያበቁ ከመሃላቸው አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ጠና አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። ነጠላቸው የተዘቀዘቀ፣ እጃቸው በሳሙና የተላጠ ነው። አስካለች ነኝ አሉት። ያበጠውን የኮቱን ኪስ በዐይናቸው አመለከቱ።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው፣ እትዬ።»

«እስቲ አምጣው፣ ልጄ።»

አውጥቶ ሰጣቸው። ክሩን ፈቱ፣ ጨርቁን ገለጡ። ባትሪውን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኙት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ቅቤ ናት። በጣታቸው ቆንጠር አድርገው፣ ጠና ዐይኑ እያየ፣ የባትሪውን ቀለበት ዙሪያውን ቀቡት። አልቸኮሉም። የለመደ እጅ ነው።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?»

«ወጉን ነዋ። አራሷን አናቷን ስቀባ እሱንም እቀባው ነበር። ልጁ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው እሱ አይደል? ልጅ ያየ ነገር ደረቁን አያድርም።»

ጠና ቀለበቱን አየ። ቅቤው በሰው ትንፋሽ በሞቀው ድንኳን ውስጥ እየቀለጠ፣ በብረቱ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ሲገባ ይታያል።

«እሷ ታውቅ ነበር?»

«ወዴት! ነርስ አይደለች? ትቆጣኛለች ብዬ ሳጥበው ደብቄ ነው። ካንተ ዘንድ በመጣ ቁጥር ደርቆ ይመጣል፤ ሽቶውም የሱቅ ነው። አይ፣ ይሄ ልጅ ባትሪውን የሚያለሰልስለት ሰው የለውም እላለሁ። አለስልሼ አኖርላታለሁ።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ብዙ ልጅ አስወለደ። አንድ ጊዜም ሳልቀባው አልቀረሁም።»

ጠና ቢጫውን ነገር አሰበ። የጣለውን ጥጥ አሰበ። ከስፌት መኪና ዘይት እስከ ቫዝሊን የለወጠውን ቅባት፣ ብብቱ ሥር ያሞቀውን ብረት፣ ሳሙና ነው በረኪና ነው ብሎ የጨመረውን አሰበ። እሱ ከሆሳዕና ሲያለሰልስ እሳቸው ከሾኔ ሲያለሰልሱ፣ በሁለቱ መሃል ብርነሽ ጣቷን አመማት። ለማን ይነገራል? ሴትየዋ እያለቀሱ ነው። ከአንገት በላይ የሚያለቅስ ሰው እንዲህ ትከሻው አይንቀጠቀጥም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አላቸው።

«ታዲያ መልሰህ ላክልን» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ተተኪ ተብላ የመጣችው ልጅ የያዘችው ፕላስቲክ ነው፤ ጭል ጭል ይላል። ብርነሽ ብትኖር ይሄን ትሰጣት ነበር።»

«ተተኪ መጣች?»

«በማግሥቱ ላኳት። ደኅና ልጅ ናት።»

እንግዲህ ተተኪ ነበረ። ጠና «እልካለሁ» ብቻ አለ። እትዬ አስካለች ባትሪውን በጨርቁ ጠቅልለው፣ ክሩን አስረው፣ መለሱለት። ጨርቁ ላይ የቅቤ ነጥብ ወጥቶ ነበር።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ጠና ወደ በረንዳው ተመለሰ። ሰው ሬዲዮ ያመጣል፣ ይጠግናል። ቻርጀር ያመጣል፣ ይጠግናል። ረሻድ በቀጣዩ ጉዞው ከመርካቶ ሲመለስ ገና ዕቃው ሳይወርድ ወደ ሳጥኑ መጣ። ትንሽ ቱቦ መስታወቱ ላይ አኖረ።

«ይኸው» አለ። እጁን ወዲያው አላነሣም። «ቀድሜ ማምጣት ነበረብኝ።»

«ብታመጣውም አይሠራም ነበር።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

ረሻድ አላመነውም፤ ሊያጽናናው የተናገረ መሰለው። ጠና እውነቱን ነበር። ነጭ ቅባት ቢመጣም እትዬ አስካለች ቅቤያቸውን ይጨምሩበት ነበር። ይህን ለረሻድ ቢነግረው በአንድ ቀን ገበያው ሁሉ ያውቀዋል፤ በሳምንቱ በዳኘ ሚኒባስ ሾኔ ይደርሳል። ሾኔ ደግሞ አንዲት ሴትዮ አሉ።

ባትሪውን ፈታው። በነጭ ጋዝ የራሰ ጥጥ ይዞ ቅቤውን፣ ቫዝሊኑን፣ አቧራውን፣ ከሥሩ ጠቆር ብሎ የደረቀውንም ጠርጎ አወጣ። ብረቱ ሲጠራ እንደ አዲስ አበራ። ነጩን ቅባት በስንጥር ጫፍ አነሣ። ከዚያ ላስቲኩን በጥፍሩ ከቦታው ሊያነሣው ሲል ላስቲኩ እንደ በሰለ ጎመን ተበጠሰ።

ቁርጥራጩን መስታወቱ ላይ አስቀምጦ ብዙ አየው። ይህን ያህል ያሳበጠው የእሱ ቫዝሊን ነው ወይስ የእሳቸው ቅቤ? ሁለቱም ቅባት ነው፤ ሁለቱም ላስቲክ ይበላል። ቁርጥራጩን አሸተተው። ነጭ ጋዝ ብቻ ሸተተው።

ያለ ላስቲክ ሞከረው። በነጩ ቅባት ቀለበቱ ልስልስ ብሎ ዞረ፤ ከመጠን በላይ ልስልስ አለ። ካቆሙበት አይቆምም። ባትሪውን ዘንበል ሲያደርጉት ብርሃኑ ራሱ ይወርዳል፣ ራሱ ይወጣል። ለአዋላጅ የማይሆን ነገር ነው። ከቧንቧ ላስቲክ ቆረጠለት፤ ወፈረ። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀደደለት፤ ክብ አልሆን አለ። ከእስክሪብቶ ላይ የወጣ ቀለበት ሞከረ፤ ሰፋ። ዱራሜ አንድ ሰዓት ሠሪ አለ ብለውት ሄደ። ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «የዚህ ላስቲክ ባትሪው ከተሠራበት አገር ካልሆነ አይገኝም» አለው። አገሩን መነኩሲቷ ያውቁ ይሆናል። መነኩሲቷ ከሄዱ ቆይተዋል።

ዳኘ በመጣ ቁጥር ይጠይቀው ነበር።

«የምወስደው አለ?»

«ገና ነው።»

«እትዬ አስካለች ይጠይቃሉ።»

«ገና ነው በላቸው።»

ትንሽ ሲቆይ ዳኘ አንገቱን በመስኮት ያወጣና ራሱን ብቻ ከፍ ያደርጋል፤ ጠና «ገና» በሚል ራሱን ይነቀንቃል። ሲቆይ ደግሞ ዳኘ ራሱን ከፍ ማድረጉንም ተወው። ጠና ግን ሚኒባሱ በሚገባበት ሰዓት አጥሩ ሥር መቆሙን አልተወም። ረሻድ ያየዋል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝናብ ሲዘንብበት፣ ጃንጥላ ልኮለታል።

ባትሪው ሳጥኑ ውስጥ በጨርቁ እንደተጠቀለለ ነው፤ ነጩ ቅባት አጠገቡ ተቀምጧል። ለላስቲኩ ምትክ አልተገኘም። ለእትዬ አስካለች የተነገራቸው ነገር የለም። ባትሪው ወደ ሾኔ አልተላከም።